ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ውል?

አጋር ድርጅት ከማማረጥህ በፊት ሥራውን እንዴት እንደምትከፋፈሉ ወስን። (ድሬዳዋ አንቱታ አታበዛምና «አንተ» ማለቴን አትቀየመኝ።) ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ በሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን እመራለሁ። ጠረጴዛችን ላይ የሚያርፈው ወረቀት ድብልቅ ነው፤ የመርከብ ሰነዱ በእንግሊዝኛ፣ የጅቡቲው ደረሰኝ በፈረንሳይኛ፣ የሾፌሩ መረካከቢያ ደግሞ በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ። ይህን ሁሉ አንብቦ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሥርዓት ስናፈላልግ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ቀላሉ መንገድ ዝግጁ አገልግሎት በወር ክፍያ መከራየት ነው። ደብዳቤ እንደ መተርጎም፣ ቃለ ጉባኤ እንደ ማሳጠር ያለ፣ የትም መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ከሆነ ከዚህ አትለፍ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ግን አስቀድመህ ባንክህን ጠይቅ። ወረቀቱ ላይ የደንበኛ መታወቂያና ስልክ ቁጥር ካለ ደግሞ መረጃው ወደ አገልግሎቱ ተልኮ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ለሕግ ባለሙያህ አሳየው።

ሁለተኛው «ሠርተን እናስረክባለን» የሚሉት ነው። ዋጋው ቁርጥ፣ የርክክቡም ቀን የታወቀ ስለሆነ አለቆች ይወዱታል። እኔ አልወደውም። ሥርዓቱ ምን ያህሉን በትክክል እንደሚያነብ የሚወስነው የአንተው ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ቁጥሩ ላይ ማረፉ፣ ፎቶው መደብዘዙ፣ የጸሐፊው እጅ። ይህን ሳያይ «99 በመቶ እናነባለን» የሚል አቅራቢ ሲገጥመኝ የጫት ገበያ ትዝ ይለኛል፤ እዚያ እስሩን ሳይፈታ ዋጋ የሚቆርጥ የለም።

ሦስተኛው የጋራ ቡድን ነው። እነሱ መሐንዲሶቹን፣ አንተ ሥራውን የሚያውቁትን ሰዎች ታቀርባለህ። ጥቅሙን በአንድ ወረቀት ላሳይህ። በሙከራው ወቅት አንድ መረካከቢያ ላይ «12/3/2016» ተጽፎ ነበር። ኅዳር 12 ማለት ነው። ሥርዓቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ወሰደውና ዕቃው መጋዘን ውስጥ ከሰባት ዓመት በላይ የተኛ ሆነ፤ የማከማቻ ኪራዩም በዚያው ልክ ተሰላ። መሐንዲሶቹ የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን መረካከቢያው በኢትዮጵያ፣ አብሮት የተያያዘው ደረሰኝ በፈረንጆች ቀን እንደሚመጣ የምታውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ነበረች፤ ገና ስታየው ያዘችው። እንዲህ ያለ እውቀት በጥያቄና መልስ ስብሰባ አይወጣም። ስለዚህ የጋራ ቡድን ከመረጥክ የእንደዚህች ሠራተኛ ሰዓት በጀት ውስጥ ይግባ፤ መደበኛ ሥራዋንም ሌላ ሰው ይያዝላት። በትርፍ ጊዜዋ ታግዛለች ብለህ ከጀመርክ፣ የጋራ ቡድን የሚለው ስም ወረቀት ላይ ይቀራል።

የትኛውንም ብትመርጥ ውል ሳትፈርም አንድ ሳጥን ወረቀት ለይተህ ቆልፍ። 200 ገጽ ያህል ይበቃል። ትክክለኛውን መልስ ሰዎችህ ይሙሉት፤ አቅራቢው ከፈተናው ቀን በፊት አይየው። ክፍያውንም በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርተህ ከፋፍል። ስህተት ሁሉ ግን እኩል አይመዝንም። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ የቀደሙትን መፈተሻ ስለሆነ አብዛኛውን ስህተት ኮምፒውተሩ ራሱ ሊይዘው ይችላል። ቀን እንዲህ ያለ መፈተሻ የለውም። ስለዚህ በቀን ላይ የሚወድቅ ሥርዓት በስም አጻጻፍ ከሚወድቀው ይልቅ በጥብቅ ይታይ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆንክ ይህ ፈተና ከመነሻው በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ኋላ ልጨምረው ብትል ክርክር ይነሣል።

ዩኒቨርሲቲም አለ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ ሐሳብ ለመሞከርና ወረቀት ለመለየት እንደ ተማሪ ያለ አጋር አይገኝም። የዕለት ሥራህን ግን በትምህርት ዘመን ካላንደር ላይ አታንጠልጥል፤ ሥርዓቱን የሚያውቀው ልጅ ተመርቆ ይሄዳል።

ውሉ ላይ የማልደራደርባቸው አሉ። ሰዎቻችን ያረሙት መረጃ የእኛ ነው። በእሱ የሠለጠነውን ሞዴል (ወረቀቱን ማንበብ የተማረውን ፕሮግራም) አቅራቢው ያለ ፈቃዳችን ለተፎካካሪያችን አይሰጥም። ስንለያይ ሁሉንም በሚነበብ መልክ እንረከባለን። የመርከብ ድርጅቱ ሰነዱን ሲቀይር ሥርዓቱን እንደገና የሚያሠለጥነው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀንና በማን ወጪ እንደሆነ በግልጽ ይጻፋል። በአንድ ጊዜ ርክክብ የሚያልቅ ውል እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ ችግሩ ሲመጣም ስልክ የሚያነሣልህ አታገኝም።

እኛ በመጨረሻ ቀላቅለናል። የአማርኛውን መረካከቢያ በጋራ ቡድን ነው የያዝነው፤ ውድ ነው፣ አስተዳደሩም አሁንም ያጉረመርማል። ለፈረንሳይኛው ደረሰኝ ግን ዝግጁው አገልግሎት የቆለፍነውን ሳጥን ስላለፈ፣ እሱን በወር እየከፈልን እንጠቀማለን።