ምንነቱ የማይታወቅ ክኒን የወሰደ ጓደኛን እንዴት እንርዳ?

ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው እንበል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ተከራይታችሁ የምትኖሩበት ክፍል ውስጥ ናችሁ። ጓደኛችሁ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ "ይተነፍሳል" ይላችኋል። ማን እንደሰጠው የማይናገረውን ክኒን ውጧል።

ትሪፕታሚን የሚባሉት በላቦራቶሪ የሚሠሩ ዕፆች እንዲህ ያደርጋሉ። አንጎላችን ራሱ ከሚሠራው ሴሮቶኒን ከሚባለው ኬሚካል ጋር ስለሚመሳሰሉ የማየትና የማሰብ ሥራውን ያዛቡታል። ሻጩ ስም ቢሰጠውም፣ ውስጡ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አልፋ ሜቲል ትሪፕታሚን እስኪጀምር 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከያዘ ደግሞ 12 ሰዓትም ያልፋል። "ምንም አልሠራብኝም" ብሎ ሌላ ክኒን የሚደግም ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀረውን ክኒን ከእጁ ውሰዱ። አትጣሉት፣ በፌስታል ቋጥሩት። ሐኪሙ ይፈልገዋል።

ሙዚቃውን አጥፉ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ሰው አይብዛ። ከመስኮትና ከደረጃ አርቁት። "አይዞህ፣ የወሰድከው ነገር ነው፣ ይለቅሃል፣ እኔ አለሁ" በሉት። በሚያየው ነገር አትከራከሩት። ጫትም አረቄም አይጨመር። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም። የደነዘዘን ሰው ወተት መጋት ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

በየ10 ደቂቃው እጃችሁን ግንባሩ ላይ አድርጉ። ካተኮሰ፣ ላብ ካጠመቀው፣ እግሩ ከተንዘፈዘፈ ወይም ግትር ካለ፣ ሴሮቶኒን በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወይም የድብርት መድኃኒት ከወሰደ ይበልጥ ፍሩ። ይሄ ሊገድል ይችላል፣ ወዲያው ወደ አምቡላንስ ደውሉ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። አምቡላንስ ካልተገኘ ያገኛችሁትን ባጃጅ አስቁሙና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

አከራያችሁ "ተለክፏል፣ ጠበል ውሰዱት" ይሉ ይሆናል። አዝነው ነው። "እሺ እማማ፣ አሁን ሐኪም ይየው፣ ጠበሉ ጠዋት ይደርሳል" በሏቸው። ትኩሳቱ ግን እስከ ጠዋት አይጠብቅም።

ብዙ ሰው የሚዘገየው "ቤተሰቡ እንዳይሰማ" እያለ ነው። እባካችሁ አትዘግዩ። ምን እንደወሰደ፣ መቼ፣ ከምን ጋር፣ ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሩ።

ቤት ውስጥ ከተረጋጋም ብቻውን አትተዉት። ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። እንቅልፍ ከወሰደው፣ ሲነቃ የሚያውቀው ፊት አጠገቡ ይጠብቀው።