ዩኒቨርሲቲው ሲሰፋ ከጎረቤት ጋር ላለመቀያየም

ይህን የምጽፈው በዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩና በመሬት አስተዳደር ላላችሁ ነው፤ ግቢው አጥር ሥር የምትኖሩም አንብቡት። ተማሪው በዝቷል፣ ዶርሙ ጠብቧል፣ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ይህን ጎረቤቱም አይክድም። ጠቡን የሚያመጣው አካሄዱና አጥሩ ነው።

ስለዚህ ችካል ከመመታቱ በፊት ሰው አነጋግሩ። ቀያሽ ማሳ ውስጥ መሣሪያውን ተክሎ የታየ ቀን ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን ያዳርሳል። አንዱ ካሳ ይጨምርልኛል ብሎ ባህር ዛፍ ይተክላል፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ማሳውን ጦም ያሳድራል፣ ደላላውም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምትናገሩትን የሚያምን የለም። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ 1 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከሩ ይላል። አዋጁ በ2016 ተሻሽሏል፤ ካሳውን ማን ይከፍላል የሚለው ጉዳይ የተነካው እዚያ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ።

ስብሰባውን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አታድርጉት። ገበሬ ግቢ በር ላይ ተፈትሾ፣ መታወቂያ አስይዞ፣ ፕሮጀክተር ፊት ተቀምጦ የልቡን አይናገርም። እድሩ ወደሚሰበሰብበት ወይም ሰው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ሲወጣ ወደሚቀመጥበት ጥላ እናንተው ሂዱ። ሴቶቹን ለብቻ ማነጋገርም አይቅር። ቃለ ጉባኤው እዚያው ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ቅጂውም ሰፈሩ ውስጥ ይቅር።

ከዚያ መሬቱን በእግር ዙሩት፣ ከአገር ሽማግሌና ውሃ ከምትቀዳ ሴት ጋር። ካርታው ላይ የማይታይ ብዙ ነገር አለ፦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ፣ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት አቋራጭ፣ የወል ግጦሽ። አጥሩ ያንን መንገድ ሲዘጋው 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች ሴት ግቢውን በሙሉ ዞራ ትሄዳለች፣ በየቀኑ፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ። ለእሷ ዩኒቨርሲቲው ማለት ያ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው። አጥሩን ትንሽ አጥፎ መተላለፊያ መተው በንድፍ ጊዜ ቀላል ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ግን በጀት የለም ይባላል።

ካሳ ላይ አትቸኩሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ «ሥራው ይጀመር፣ ክፍያው ይደርሳል» የሚል ቃል መግባት የለባችሁም። በአዋጅ 1161 በቋሚነት ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ የሚታሰበው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተነስቶ፣ በ15 ተባዝቶ ነው። እንግዲህ ገማቹ ምን ምርት፣ በስንት ኩንታልና በምን ዋጋ እንደያዘ ገበሬው ወረቀቱን ማየት አለበት። ካልገባው ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ደምሩት። ገንዘቡ በባልና ሚስት ስም ይግባ። አቤቱታ ማቅረቢያው 30 ቀን መሆኑንና የት እንደሚቀርብም የማስለቀቂያ ትእዛዙን በምትሰጡበት ቀን ንገሩት።

የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎችም አሉ። የሌላ ሰው መሬት ምርቱን ሊካፈል እኩል የሚያርሰው፣ ቤት ተከራይታ ጠላ የምትሸጠው፣ ከአባቱ ማሳ ውጭ መሬት የሌለው ጎልማሳ። ካሳው ሲከፈል እነሱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሕጉ ባያስገድድም መዝግቧቸው፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የካፌ ሥራ ሲወጣ ቅድሚያ ስጧቸው። ወተትና አትክልት ከአካባቢው ማኅበር መግዛትም ይቻላል።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ታጥሮ የሚቀመጠው መሬት ነው። ለወደፊት ማስፋፊያ ተብሎ ይከለላል፣ በጀት አይመጣም፣ ሣር ይበቅልበታል፤ ጤፍ ያመርትበት የነበረ ሰው በሽቦው ቀዳዳ እያየ ያልፋል። ይህ በደል ነው! የምትሠሩበትን ብቻ፣ ገንዘቡ በእጃችሁ ሲኖር ውሰዱ። ተቀድሞ የተወሰደ ካለም ግንባታው እስኪጀመር በጽሑፍ ውል እንዲያርሱት፣ ቢያንስ ሣሩን እንዲያጭዱ ፍቀዱ።

ፍሳሹንም አስቡበት። ጣሪያና አስፋልት ሲበዛ የክረምቱ ጎርፍ የሚወርደው ታች ያለው ሰው ቤት ነው፤ የዶርሙ ሽንት ቤት ፍሳሽም እንዲሁ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ ቁጥር 299፣ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይላልና ሰነዱን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ አሳጥራችሁ ቀበሌ ላይ ለጥፉት።

ለነዋሪዎች ደግሞ፦ ዛፋችሁን ቆጥራችሁ፣ ቤታችሁን ከነጉድጓዱና ከነአጥሩ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የግብር ደረሰኝ አይጣል። ተወካያችሁ አንድ ሰው ብቻ አይሁን፣ በአንድ ሰው ላይ ጫና ማድረግ ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ጥሩ ሥራም ይሠራሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን የምትከራከሩት ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለሆነ ሌላ ጠበቃ ብታማክሩ ይሻላል።

ግንባታው ሲጀመር ለአቤቱታ የሚሆን አንድ ሰው መድቡ፤ ስልኩን የሚያነሳ፣ ሌሊት ስለሚያልፈው ሲኖትራክና ስለ አቧራው የሚጠየቅ፣ በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ። ሥራ ተቋራጩን ማዘዝ የሚችል ሰው ይሁን፤ ሥልጣን ከሌለው ነዋሪው ሁለተኛ አይደውልለትም።