ሁለት ዛፍ ላይ ማማ ስትሠሩ አንዱን ጫፍ አትቸንክሩት

ጅማ አካባቢ በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮ የሚጠበቅበትን ማማ ሁለት ዛፍ መሃል የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ አግዳሚው እንጨት በሁለቱም ጫፍ በምስማር ሲመታ ነው። ነፋስ ሲነሣ ሁለቱ ዛፎች እኩል አይወዛወዙም፤ አንዱ ወዲህ ሲያዘነብል ሌላው ወዲያ ይሄዳል። ጉልበቱ ሁሉ ምስማሩ ላይ ያርፍና ወይ ምስማሩ ይነቀላል፣ ወይ እንጨቱ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል።

መላው ቀላል ነው። አንዱን ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ሌላውን ግን ጠንካራ ባላ ላይ አጋድሙት እንጂ አትቸንክሩት። ከባላው አልፎ አንድ ክንድ ያህል ይትረፍ፣ ከላይ ላላ ያለ ማሰሪያ ይዙርበት። ዛፉ ሲንቀሳቀስ እንጨቱ ባላው ላይ ወጣ ገባ ይላል እንጂ አይሰበርም። ለማሰሪያ ከቃጫ ገመድ ይልቅ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቀደደውን እመርጣለሁ፤ ቃጫ በዝናብ ይጠብቅና ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል፣ ይበሰብሳልም።

እንጨቱን ስትሰቅሉ ሁለት ሰው ከላይ ሆኖ በገመድ ይጎትት፣ ከታች ያለው ጓደኛችሁ አስሮ ወዲያው ገለል ይበል። ከሥሩ መቆም በፍጹም አይገባም!

የደረቀ ወይም ግንዱ የቦረቦረ ዛፍ ላይ ይህን አትሞክሩ። በጣም የሚወዛወዝ ቀጭን ባሕር ዛፍም አይሆንም፣ እንጨቱ ከባላው ሊያመልጥ ይችላል፤ እዚያ አራት ቋሚ መሬት ላይ ተክሎ መሥራት ይሻላል። መብረቅ ባለበት ሌሊት ደግሞ በቆሎው ቢበላም ውረዱ።