«ሀንግሪ» ግስ ነው? የእንግሊዝኛ ቃል ክፍሎች ሲምታቱ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ክፍል መልመጃ ሲታረም ቀይ እስክሪብቶ የሚያርፍበት ቦታ ያው ነው። ተማሪው ትርጉሙን አላጣውም፤ በአማርኛ አስቦ ለእንግሊዝኛው ስም አወጣለት እንጂ። ስለዚህ ስህተቱን ስታዩ መጀመሪያ «ይህ በአማርኛ እንዴት ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መንስኤው ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

ቅጽሉን ግስ ብሎ ማስመር

ምልክቱ፦ «አይ አም ሀንግሪ» ሲሰጠው «ሀንግሪ» ግስ ነው ይላል። ሲጽፍ ደግሞ «አም»ን ዘሎ «አይ ሀንግሪ» ይላል።

መንስኤው፦ እኛ «ራበኝ» ነው የምንለው። ረሃቡም፣ ጥሙም፣ ድካሙም፣ ብርዱም በአማርኛ በግስ ይነገራል፦ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ። እንግሊዝኛ እነዚህን ለቅጽል ይሰጥና የግሱን ሥራ ለ«አም»፣ «ኢዝ» እና «አር» ይተዋል።

መፍትሄው፦ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ትናንት ውሰዱት። «አይ ዎዝ ሀንግሪ የስተርዴይ»። የተለወጠው «አም» ነው፤ «ሀንግሪ» ንቅንቅ አላለም። ከጊዜው ጋር የሚለወጠው ግሱ ነው። ይህች ፈተና አሥር ሰከንድ አትፈጅም፤ ከሁሉም በፊት እሷን አስለምዱ።

ከግስ በኋላ የመጣውን ሁሉ ተውሳከ ግስ ማለት

ምልክቱ፦ «ዘ ሀኒ ቴስትስ ስዊት» (ማሩ ይጣፍጣል) በሚለው «ስዊት» ተውሳከ ግስ ይባላል።

መንስኤው፦ «ቅጽል ከስም በፊት ይመጣል» የሚለው ትምህርት ብቻውን ተሸምድዷል። ግማሽ እውነት ነው። «ቴስት»፣ «ስሜል»፣ «ሉክ»፣ «ፊል»፣ «ሳውንድ»፣ «ሲም» እና «ቢካም» ቅጽሉን ወደኋላ ወስደው ከባለቤቱ ጋር ያስሩታል።

መፍትሄው፦ ግሱን አንሱና «ኢዝ» ተኩ። «ዘ ሀኒ ኢዝ ስዊት» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ስዊት» ማሩን የሚገልጽ ቅጽል ነው። «ሺ ቴስትድ ዘ ሀኒ ኬርፉሊ» (ማሩን በጥንቃቄ ቀመሰችው) ላይ ግን «ዎዝ» ብትተኩ ሴትዮዋ ራሷ ማር ሆና ታርፋለች። እዚህ «ቴስት» የእውነት የመቅመስ ሥራ ነው፤ «ኬርፉሊ»ም ተውሳከ ግስ።

በ«ሊ» መጨረሻ መታለል

«በሊ ካለቀ ተውሳከ ግስ ነው» የሚለው አቋራጭ ለ«ስሎውሊ» እና ለ«ኩዊክሊ» ይሠራል። «ፍሬንድሊ» (ተግባቢ) እና «ላቭሊ» (ደስ የሚል) ግን ቅጽሎች ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ «ሊ»ን ቁረጡት። ቅጽል ከቀረ («ስሎው») ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ተውሳከ ግስ ነው፤ ስም ከቀረ («ፍሬንድ») አብዛኛውን ጊዜ ቅጽል ነው። በተቃራኒው «ፋስት» እና «ሃርድ» ያለ «ሊ» ሁለቱንም ይሠራሉ። «ሃርድ» ላይ «ሊ» የጨመረ ተማሪ ደግሞ ጉድ ይሠራል፦ «ሂ ወርክስ ሃርድ» ጠንክሮ ይሠራል ነው፤ «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ግን ሥራ የሚባል እምብዛም አይነካም ማለት ነው።

ስምን ቅጽል ማድረግ

ምልክቱ፦ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ በተጻፈ አንቀጽ «ማርኬት ዴይ» ላይ «ማርኬት» ቅጽል ተብሎ ይሰመርበታል።

መንስኤው፦ አማርኛ «የገበያ ቀን» ሲል «የ» ታስጠነቅቀናለች። እንግሊዝኛ ሁለት ስሞችን ያለ ምንም ማያያዣ ያስጠጋጋል። የፊተኛው የኋለኛውን ይገልጻል፤ ግን ስምነቱን አልተወም።

መፍትሄው፦ «ቬሪ» ጨምሩ፤ ቀጥሎም ቃሉን ከ«ኢዝ» በኋላ አዙሩት። «ቬሪ ማርኬት» አይባልም፤ «ዘ ዴይ ኢዝ ማርኬት»ም አይባልም። ሁለቱንም ከወደቀ ስም ነው በሉ። በ«ቬሪ» ብቻ አትፍረዱ፤ «ውደን» (ከእንጨት የተሠራ) በተለመደው ትርጉሙ «ቬሪ»ን ባይቀበልም «ዘ ዶር ኢዝ ውደን» ስለሚያስኬድ ቅጽል ነው።

«ቦርድ» እና «ቦሪንግ»

ትምህርቱ የሰለቸው ልጅ «አይ አም ቦሪንግ» ይላል፤ «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለቱ ነው። ሁለቱም ቅጽሎች ናቸው። አሰልቺው በ«ኢንግ»፣ የተሰላቸው በ«ኢዲ» ያልቃል። ነገር ግን «ኢንግ» ያለው ሁሉ ቅጽል አይደለም፦ «ዘ ቦይ ኢዝ ራኒንግ» ላይ «ቬሪ ራኒንግ» ስለማይባል ግስ ነው፤ «ራኒንግ ኢዝ ሃርድ» (መሮጥ ከባድ ነው) ላይ ደግሞ የስም ሥራ ይዟል።

«ትልቁን ስጠኝ»

በአማርኛ ቅጽል ብቻውን ቆሞ የስምን ቦታ ይይዛል፤ «ቀዩን አምጣ» ብንል ማንም አይቸገርም። ከዚህ «ጊቭ ሚ ዘ ቢግ» ይወለዳል። እንግሊዝኛ ስም ይፈልጋል፤ ስሙን መድገም ካልተፈለገ «ዋን» ይገባል፦ «ጊቭ ሚ ዘ ቢግ ዋን»። ለብዙ ከሆነ «ዘ ቢግ ዋንስ»። «ትልልቅ ቤቶች» ብለን ቅጽሉንም ስለምናበዛ «ቢግስ ሃውስስ» የሚጽፍም አለ፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል በብዙ ቁጥር አይለወጥም።

አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው

«ዚስ ኦልድ ባስ ክላይምድ ስሎውሊ ፍሮም ኮምቦልቻ ቱ ደሴ»። ይህ አሮጌ አውቶቡስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በዝግታ ወጣ።

ግሱን ፈልጉ፤ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ አትጠብቁት። ወደ ነገ ሲወሰድ «ዊል ክላይም» የሚሆነው «ክላይምድ» ነው። ማን ወጣ? «ባስ»፣ ስም። የትኛው ባስ? «ዚስ»፤ አንዳንድ መጽሐፍ አመልካች ቅጽል ይለዋል፣ አዲሶቹ ከቅጽል ይለዩታል፤ በፈተና ላይ የመማሪያ መጽሐፋችሁን ስያሜ ተከተሉ። እንዴት ያለ ባስ? «ኦልድ»፤ «ዘ ባስ ኢዝ ኦልድ» ስለሚያስኬድ ቅጽል። እንዴት ወጣ? «ስሎውሊ»፣ ተውሳከ ግስ። «ፍሮም» እና «ቱ» ከኋላቸው ስም አስከትለው የመጡ መስተዋድዶች ናቸው፤ የከተሞቹ መጠሪያም ስም። አሁን «ስሎውሊ»ን በ«ፋስት» ተኩና ተማሪው የቃል ክፍሉን እንደገና ይንገራችሁ። «ቅጽል» ካለ ከ«ክላይምድ» ጋር በቀስት አያይዙለት።