ሃዋይ ሲደርሱ የሌይ አቀባበልን በአግባቡ ስለ መቀበል

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሰበታ የአበባ እርሻዎች አጠገብ ለሚኖር መንገደኛ አበባ ብርቅ ባይሆንም፣ በሃዋይ ሌይ የሚባለው የአበባ ጉንጉን የራሱ ሥርዓት አለው። በሃዋይ ዋና ከተማ በሆኖሉሉ ለሚያርፍ ሁሉ በነፃ የሚታደል ስላልሆነ፣ የሚቀበልዎ ወዳጅ ከሌለ ከጉዞው በፊት ከፍለው ማስያዝ ይኖርብዎታል። ጉንጉኑን የያዘው ሰው ሲቀርብዎ ባርኔጣዎን አውልቀው አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ሌይ እንደ ሐብል በደረት ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ሳይሆን፣ ግማሹ በፊት ግማሹ በጀርባ እንዲወርድ በትከሻ ላይ የሚያርፍ ነው። ጉንጭዎን ቢስሙዎት አይደንግጡ፤ እንግዳን ደጋግሞ ለሚስም ሕዝብ ይህ የሚከብድ አይመስለኝም። ሲጠወልግ ክሩን አውጥተው አበባውን ለመሬት ይመልሱ እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት። እምቢ ማለትም ሆነ በሰጪው ፊት ማውለቅ ነውር ነው፤ አበባ የማይስማማዎት ከሆነ ግን ምክንያቱን በትሕትና ይናገሩ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም በልማዱ መሠረት ጫፉ ያልተቋጠረውን ሌይ ትጠይቅ።