ጠዋት ይሠራል፣ ብርድ ላይ ሲወጡ ይጠፋል፦ የመስሚያ መሣሪያ ችግርና መፍትሄ

ባትሪው አዲስ መሆኑንና በትክክል መግባቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው መሣሪያ ቤት ውስጥ ደህና ይሰማል። ደጅ ከወጡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁ ይታፈናል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ይመለሳል።

ምክንያት፦ ውሃ። ከጆሮ የሚወጣው ሞቃት አየር፣ ድምፁን ከመሣሪያው ወደ ጆሮ በሚያደርሰው ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ጠብታ ይሆናል። የቱቦው ውስጥ ስፋት 1.93 ሚሊሜትር ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጠብታ ትደፍነዋለች።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከደብረ ብርሃን ሁለት ጊዜ መጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እኩለ ቀን ነው፣ መሣሪያውም ይሠራል። አስተማሪው «ሲፈልግ ይሰማል፣ እልኸኛ ነው» ብሎ ልጁን ኋላ ወንበር አስቀምጦታል። በሦስተኛው ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ መጡ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ ጠብታዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እናቱ ተቀብለውኝ ዝም ብለው አዩዋት። እስከዚያ ድረስ አሥራ ሁለት ባትሪ ጥለዋል። እነዚህ ባትሪዎች አየር ስበው ነው የሚሠሩት፤ ልጣፋቸው አንዴ ከተነሳ መልሶ መለጠፍ አያድናቸውም።

ማረጋገጫ፦ ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅላችሁ መሣሪያውን አብርታችሁ በመዳፋችሁ ጨብጡት። ካፏጨ ደህና ነው፣ ችግሩ ቱቦው ወይም ሞልዱ (በጆሮ ልክ ተሠርቶ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል) ላይ ነው። ፉጨት የሚያፍኑት አዳዲሶቹ ግን ዝም ሊሉ ይችላሉ።

መፍትሄ፦ ቱቦውን በጎማ መንፊያ ንፉት። በአፍ አትንፉ፣ ትንፋሽም እርጥበት ነው። ሞልዱን ብቻ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ አድሮ ይድረቅ። መሣሪያውን ራሱን ውሃ አታስነኩት። ማታ እርጥበት ከሚመጥ ጄል ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ይደር። ከሰል ዳር አታድርቁት! ኩክ ለማውጣት መርፌ አትክተቱ! ባትሪ ልጅ እጅ እንዳይገባ፤ ከዋጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል።

ቱቦው ከደረቀና ቢጫ ከሆነ ቀይሩት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው ዕድሜው። የጉሉኮስ ቱቦ ቆርጠው የሚገጥሙ ሰዎች እባካችሁ ተው። ውስጡ ከጠበበ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይቀንሳሉ፤ ልጁ «ሰ»ንና «ፈ»ን ሳይሰማ እንዴት ይናገራቸው?

ሁልጊዜ ካፏጨ፦ ሞልዱ ላልቷል፣ ወይም ጆሮው በኩክ ተሞልቷል። ልጅ ሲያድግ ሞልዱ ያንሰውና ይላላል፣ አዲስ ይሠራለት። ድምፁን መቀነስ መፍትሄ አይደለም፤ የምትቀንሱት ንግግር የሚማርበትን ድምፅ ነው።

ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም፦ በኦዲዮግራሙ (በመስማት ምርመራው ውጤት) ልክ መሣሪያው እንደገና ይስተካከል። እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚደረግ መሣሪያ አይለመድም። አእምሮ ድምፁን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በየቀኑ ይደረግ።

ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ሌሊት መስማት ካቆመ፦ ወደ እኔ አትምጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም። የስቴሮይድ ሕክምናው ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው የተሻለ ተስፋ ያለው።