አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገጥማችሁ አልነሳ ካላችሁ

ሊኑክሱ ያለችግር ተጭኖ ካበቃ በኋላ ሲነሳ ግን የድሮው ግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) «ኤረር 18» ብሎ ቀጥ ይላል፤ አዲሱ ግሩብ ከሆነ ደግሞ ከዲስኩ ውጭ ለማንበብ ተሞከረ የሚል መልእክት ያወጣል። ሲብስ ለወራት ደህና ሲሠራ ቆይቶ ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ ባዘመናችሁ ማግስት እምቢ ይላል። ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

እንደገና ስትጭኑ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ 500 ሜጋባይት ገደማ ቁረሱና ለብቻው የቡት ፓርቲሽን (ከርነሉ የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል፣ /boot) አድርጉት። የቀረውን እንደፈለጋችሁ ከፋፍሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግሩብ ከርነሉን የሚያነበው በባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም በኩል ነው። የድሮ ባዮስ ደግሞ ሩቅ አያይም። በ28 ቢት አድራሻ የሚሠራው 137 ጊጋባይት ላይ ያቆማል፤ ከዚያ የቆየው 1024ኛው ሲሊንደር (የዲስክ ቦታ የሚቆጠርበት ክፍል) ላይ፣ ማለትም 8.4 ጊጋባይት አካባቢ። ከዚያ ማዶ የተጻፈ ፋይል ለእሱ የለም። ከዝመና በኋላ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ከርነል እድል ቀንቶት ከወሰኑ ወዲህ አርፎ ነበር፣ አዲሱ ግን ራቅ ብሎ ተጻፈ። ከርነሉ አንዴ ከተነሳ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር ስለሚያነብ ባዮሱ ቢያይ ባያይ ግድ የለውም።

ኮምፒውተሩ ገና ዲስኩን ሲፈልግ፣ ግሩብ ሳይመጣ የሚደርቅ ከሆነ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፤ ያኔ የባዮስ ዝመና ፈልጉ። ዲስኩ ላይ ፋይል ካላችሁ ደግሞ ፓርቲሽን ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጡት።